ደረሰኝ የሚቆርጠው ሌባ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከፍኖተ ሰላም አንድ ጥያቄ እንደ ደረሰን ገልጸን መልሱን ለዚህ እትም አቆይተነው ነበር። ጥያቄው ጉቦኞችን ብቻ እየለየ ስለሚሰርቅ ጨዋ ሌባ የተጻፈን ኮሜዲ ይመለከታል። ይህን ያዩ አንባቢያን ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከቢቸናና ከሞጣ የየራሳቸውን ጥያቄ ስለላኩልን ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። እንደ ወትሮው የጠያቂዎቹን ስም አናወጣም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የአንድ አማተር የቴአትር ክበብ አባላት ስንሆን ለመጪው ክረምት አንድ ኮሜዲ በማዘጋጀት ላይ እንገኛለን። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቀን ቀን በአንድ ወረዳ የንብረት ክፍል ጸሐፊ፣ ማታ ማታ ሌባ ነው። የሚሰርቀው ግን ጉቦ ከሚበሉ ሹማምንት ቤት ብቻ ሲሆን፣ ያገኘውንም ለራሱ አንዲት ሳንቲም ሳያስቀር ለትምህርት ቤትና ለአቅመ ደካሞች ያከፋፍላል። ጽሑፉን ያነበቡት የክበባችን የበላይ ጠባቂ፣ የምናከብራቸው አባት፣ «ልጆቼ፣ ይህ ሌብነትን ማስተማር ነው» ብለው ከለከሉን። እኛን የሚያሳስበን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በልምምድ ላይ ማንም አይስቅም። ሌባው በየትዕይንቱ ስለ ፍትሕ ልብ የሚነካ ንግግር ያደርጋል፤ ተመልካቹ ግን ያዛጋል። ስሕተቱ የት ላይ ነው? የጽሑፉን የመጀመሪያ ሦስት ትዕይንቶች አያይዘናል።

መልስ፦ የተከበራችሁ የክበቡ አባላት፣ የላካችሁትን ሁለት ጊዜ አንብበነዋል። አባታችሁ ሌባው እንዳይወደድ ሰግተዋል፤ እናንተ ደግሞ ሌባው እንዲወደድ ብላችሁ በየትዕይንቱ ስብከት አሸክማችሁታል። በእኛ ግምት የሁለታችሁም ዐይን ሌባው ላይ በማረፉ ዋናው አስቂኝ ሰው ሳይታይ ቀርቷል። እርሱም የተሰረቀው ሹም ነው።

እስቲ ነገሩን በዝግታ እንየው። ማንኛውም ሰው ቤቱ ሲዘረፍ ኡኡ ብሎ ይጮኻል፤ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይደርሳል፤ ፖሊስ ይመጣል፤ የጠፋው ዕቃ በዝርዝር ይመዘገባል። ከደመወዙ በላይ ያከማቸ ሹም ግን ሲዘረፍ መጮኽ አይችልም፤ «ምን ተወሰደብህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁሉ «ከየት አምጥተኸው ነበር?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይወልዳልና። በሦስተኛው ትዕይንታችሁ ሹሙ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጦ ሦስት ሚሊዮን ብር እንደ ጠፋበት ያመለክታል፤ ኮሜዲው የሞተው እዚያ ላይ ነው። ይልቁንስ ጩኸቱን ሚስቱ ታሰማ፤ እርሱ በጋቢው አፏን ለመሸፈን ይታገል፤ ዱላ ይዘው የደረሱትን ጎረቤቶች «ኧረ ምንም አልጠፋም፣ እርሷ ሕልም አይታ ነው» እያለ ወደ ደጅ ይሸኛቸው። ፖሊሱም በተሰበረው በርና በተገለበጠው ጎታ መካከል ቆሞ «የጠፋ ዕቃ የለም» ብሎ ይመዝግብ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሹሙ ሰው ስለ ሌባ ባወራ ቁጥር መደንገጥ፣ የሌላ ሰው በግ ሲሰረቅ እንኳ «ምናልባት ራሱ ሄዶ ይሆናል» ማለት ይኖርበታል። የተዘረፈ ሰው ለዘራፊው ጠበቃ ሲሆን ማየት ከአሥር ንግግር ይበልጣል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ የሒሳብ ቅሬታ አለን። በጽሑፋችሁ ሌባው ሦስቱን ሚሊዮን ብር በኮቱ ኪስ ይዞት ይወጣል። በባለ 200 ብር ኖት ቢሆን እንኳ ሦስት ሚሊዮን ማለት 15,000 ኖት፣ መቶ መቶ እየሆነ ቢታሰር 150 እስር ነው። በባለ 100 ብር ኖት ቢሆን እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚችል ኮት በፍኖተ ሰላም ገበያ አላየንም። ሌባችሁ አህያ ያስፈልገዋል፤ አህያዋም በውድቅት ሌሊት የምታናፋ ብትሆን ለአንድ ትዕይንት የሚበቃ ጭንቅ አገኛችሁ ማለት ነው።

ጊዜውን የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ የ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዚህ ጨዋታ የተበጀ ይመስላል። በመስከረም ወር የብር ኖቶች መቀየራቸውና ባለ 200 ብር ኖት መጨመሩ ይፋ ሆነ፤ አሮጌውን ለመለወጥ የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ፤ ከ10,000 ብር በላይ የሚለውጥ ሰውም ገንዘቡን በባንክ ሒሳብ ማስገባት ነበረበት። እንግዲህ ሹሙ በጎታ ውስጥ ያለውን አሮጌ ብር ባንክ ይዞ መሄድ አይችልም፤ በቤት ቢያቆየው ደግሞ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በዚህ መካከል ሌባው መጥቶ ይወስድለታል። የሌባውም መከራ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ እርሱም እንደ ሹሙ ባንክ ፊት ቆሞ የገንዘቡን ምንጭ ማስረዳት ስለማይችል። የመጨረሻው ሳምንት ሲቃረብ ጻድቁ ሌባ ገንዘቡን ሊመልስ በአጥር ሲዘል፣ ሹሙ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ «አልቀበልም፣ የእኔ አይደለም» ብሎ ሲገፋው ይታያችሁ።

ስለ ሌባው ባሕርይ አንድ ነገር እንጨምር። የንብረት ክፍል ጸሐፊ ብላችሁ ፈጥራችሁታል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ ሥራውን ረስታችሁታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባ ንብረት በሞዴል 19፣ የሚወጣው ደግሞ በሞዴል 22 እንደሚመዘገብ ያውቃል። ሌባችሁ ከሹሙ ቤት የወሰደውን በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ አንዱን ቅጂ ትራስጌው ይተውለት፤ ለትምህርት ቤቱ ሲያስረክብም በሞዴል 19 ገቢ ያስደርግ። የደረሰኙ ጥራዝ ባለቀበት ማታ አይስረቅ። ካርቦኑን ቤቱ ረስቶ በመምጣቱ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ከራሱ ጋር ሲከራከር እናግኘው። ቀን በሚሠራበት ቢሮ መዝገብ ይጠፋል፣ ፊርማ ይዘገያል፣ ባለጉዳይ «ነገ ና» እየተባለ ይመላለሳል፤ የሌሊቱ ቢሮ ግን አንዲት ወረቀት አትጠፋበትም። ስላቁ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ስለሆነ፣ ስለ ፍትሕ የተጻፈውን ንግግር በሙሉ ብትሰርዙት የሚጎድል ነገር አይኖርም። ለአባታችሁም ይህንኑ አሳዩአቸው። ይህን የመሰለ አሰልቺና ቆጣሪ ሌባ አይቶ «እኔም እንደ እርሱ ልሁን» የሚል ወጣት ይገኛል ብለው የሚሰጉ አይመስለንም።

«ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው» የሚለውን ተረት ስምንት ጊዜ ተጠቅማችሁበታል። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ እርሱንም ለፖሊሱ ስጡት።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ጉቦኛን መስረቅ በሕጋችን ወንጀል ነው ወይ? ሌባው ለራሱ ያልተጠቀመ መሆኑስ ይጠቅመዋል? ተውኔቱ ሕጉን አጣሞ እንዳያቀርብ ስለሰጋሁ ነው።

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ደግነቱ ሕጉ ራሱ ለተውኔት ጸሐፊ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣል። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን ሲተረጉም፣ አድራጊው ራሱ ያልተገባ ብልጽግና ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሰው ለማስገኘት አስቦ የሌላውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ቢወስድም ወንጀሉ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ስለዚህ «ለድሆች ነው የሰጠሁት» የሚለው መከራከሪያ ከጥፋተኝነት አያድንም። ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነው፤ ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መግባትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የተቀበለ ሰውም ይጠየቃል፤ ስጦታውን በደስታ የተረከበው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደረሰኙን ሲያነብ ፊቱ ለምን እንደሚለዋወጥ አሁን ገባን።

ነገር ግን አንቀጽ 82 ስለ ጠቅላላ የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ወንጀለኛው ከግል ጥቅም ነጻ በሆነና በሚያስከብር ምክንያት፣ ወይም በከፍተኛ ሃይማኖታዊ፣ ሞራላዊ ወይም ማኅበራዊ እምነት ተገፋፍቶ ሲያደርገው ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ያስቀምጣል። ሕጉ ለሌባችሁ በር አልከፈተለትም፤ መስኮት ግን ገርበብ አድርጎለታል ማለት ይቻላል። ለሌባ ደግሞ መስኮት አያንስም።

ሹሙን የሚይዘው ድንጋጌ ሌላ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝ ቀድሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 419 ሥር የነበረ ሲሆን፣ በኋላ የሙስና ወንጀሎችን በአንድነት ለመደንገግ በወጣው አዋጅ ቁጥር 881/2007 ውስጥ ተካትቷል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወይም የነበረ ሰው ከሕጋዊ ገቢው ጋር የማይመጣጠን ሀብት ይዞ ከተገኘና እንዴት እንዳገኘው አጥጋቢ ማብራሪያ ካላቀረበ ይቀጣል። ከፍ ብለን የተሰራቂው ዝምታ ያልነው መነሻው ይኸው ነው፤ ሹሙ ስርቆቱን ቢያመለክት ራሱን ያመለክታል። ሀብት ማሳወቅንና ማስመዝገብን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 668/2002ም አለ። ይህ አዋጅ የተመራጩን፣ የተሿሚውንና የሚመለከተውን ሠራተኛ ከነትዳር ጓደኛውና በሥሩ ካሉ አካለ መጠን ካላደረሱ ልጆቹ ሀብት ጋር እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። አማቹን ግን አያስመዘግብም። በመድረኩ ላይ ሦስት ፎቅ ያለው አማች፣ ዱላውን ተደግፎ ፎቁን አሻቅቦ የሚያይ፣ መውጫ ደረጃው በየት በኩል እንደሆነ የማያውቅ ምስኪን ገበሬ ቢታይ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም።

ተማሪ እንደ መሆንዎ አንድ ነገር ለክበቡ ቢያስታውሱልን ደስ ይለናል። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 699/2003፣ የወጣ ስለሆነ «ከመስረቅ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ሌባው በመጀመሪያ ትዕይንት ጥቆማ ይዞ ሄዶ ቢሆን፣ ጥቆማውም ዞሮ ዞሮ በራሱ ጠረጴዛ ላይ «ለፋይል ይያዝ» ተብሎ ቢመለስለት ሌሊት የሚወጣበት ምክንያት ይታመናል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ ስለ እንዲህ ያለ ሌባ የሚያወሳ አንድ የሩሲያ ፊልም ያየሁ ይመስለኛል። ፊልሙ የትኛው ነው? ልጆቹ ከባዕድ የቀዱት ከሆነስ ነውር አይሆንም?

መልስ፦ አባባ፣ ያዩት ፊልም «መኪናውን ተጠንቀቅ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው፣ ኤልዳር ሪያዛኖቭ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1966 ሞስፊልም ያወጣው ኮሜዲ ሳይሆን አይቀርም። በፊልሙ ውስጥ አንድ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ያለ አግባብ የከበሩ ሰዎችን መኪና እየሰረቀ ይሸጥና ገንዘቡን ለሕፃናት ማሳደጊያ ይልካል። የሚያሳድደው መርማሪ ደግሞ ከእርሱ ጋር በአንድ አማተር የቴአትር ክበብ የሚጫወት ወዳጁ ነው፤ ሁለቱም «ሐምሌት»ን ይለማመዳሉ። ሌባውን የተጫወተው ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ፊልም ላይ የምሩን ሐምሌት ሆኖ መሥራቱ ለጊዜው ተመልካች ተጨማሪ ሳቅ ነበር። ከላይ ያነሳነው የአማች ጉዳይ እዚያም አለ፤ መኪናው የተሰረቀበት ነጋዴ የገጠር ቤቱን ያስመዘገበው በአማቱ ስም ነው።

ስለ ነውሩ ግን እንለያለን። በአገራችን የመጀመሪያው ተውኔት ራሱ በሹማምንት ላይ ያነጣጠረ ስላቅ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው ተመልሰው፣ ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመድያ»ን ሲጽፉ እንስሳትን አናግረው የጊዜውን አስተዳደር ብልሹነት አሳዩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መድረክ ላይ ሲወጣ መኳንንቱ ማን ቀበሮ፣ ማን ጅብ እንደ ተባለ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ተውኔቱም ታገደ። እኚሁ ሰው ናቸው በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ሐሳብ ከሩቅ መጥቶ በእኛ ቤት ከለመደ ዘር ነው፤ የሚያስነውረው ዘሩን ሳይዘሩ ገለባውን ማምጣት ነው። የፍኖተ ሰላሞቹ መኪና ሳይሆን ጎታ መምረጣቸው ለእኛ በቂ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ኤልያስ)፦ የቅኔ ተማሪ ነኝ። ጎጃም ውስጥ የሚጻፍ ስላቅ ሰምና ወርቅ ከሌለው ምኑን ስላቅ ሆነ? ክበቡ ቅኔ እንዲጠቀም ምከሩልን።

መልስ፦ ምክሩ ከደብረ ኤልያስ መምጣቱ ያስደስታል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የእናንተው አገር ልጅ ናቸው፤ ከቅኔ ቤት ተነሥተው ወደ ተውኔት የገቡ ሰው ስለሆኑ ይህ መንገድ በጎጃም አዲስ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ሹምን እያመሰገነ መስደብ፣ እየባረከ መውቀስ ሲችል ኖሯል።

ለዚህ ተውኔት የሚስማማ አንድ ኅብረ ቃል ስንፈልግ ከእናንተው ግእዝ አገኘን። «ሠረቀ» በግእዝ ወጣ፣ ታየ ማለት ነው፤ ስለ ፀሐይና ስለ ኮከብ ይነገራል፤ ምሥራቅም የተባለው ከዚሁ ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን ከስርቆት አይለይም። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ በቅኔ ቤት ደጃፍ አለፈ እንጂ ገብቶ አልተቀመጠም፤ ቢሆንም ድፍረቱን ይቅር ይበሉትና እንዲህ ሞክሯል፦

ሌሊቱ ሲረዝም ሰው እየማቀቀ፣
ከሹሙ ቤት ጓሮ አንድ ኮከብ ሠረቀ።

ሰሙ ከሹሙ ቤት በስተጀርባ የንጋት ኮከብ ወጣ ነው፤ ወርቁን ሹሙ ራሱ ይፍታው። የፊደል መምህራን «ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ይለያያሉ» ብለው እንደሚቆጡን እናውቃለን። በመድረክ ላይ ግን ፊደል አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ይህን ግጥም ሹሙ ራሱ በቤቱ ድግስ ላይ ከሚያዜም አዝማሪ ቢሰማው፣ ውዳሴ መስሎት ብር ቢሸልመው፣ ከበስተጀርባው የቆመው የቅኔ ተማሪ ደግሞ ጉንጩን ነክሶ ሳቁን ቢይዝ ጥሩ ትዕይንት ይሆናል። ማስጠንቀቂያችን አንድ ብቻ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በቅኔ ከተናገሩ ተመልካቹ ሲፈታ ተውኔቱ ያልፈዋል። ቅኔውን ለአዝማሪው ብቻ ይተዉለት።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ እኛ በልጅነታችን ሌባ የሚያዘው በአውጫጭኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር ይሉናል። እነዚህ በተውኔቱ ቢገቡ ምን ይመስላችኋል? የዛሬ ልጆችም ያውቋቸው ዘንድ ነው።

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ይህን አንብበን ከመቀመጫችን ተነሥተናል። ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ብንገልጽ፣ አውጫጭኝ ማለት አንድ ነገር ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይሄድ የሚደረግበት የቆየ ሥርዐት ነው። የቀረ ይቀጣል። ሰዎች በየተራ ይምላሉ፤ ያየ ሰው ያየውን በምስጢር ይናገራል፤ የተናጋሪው ማንነት እንዳይታወቅም ወሬው በወፍ ስም ይወጣል፤ «ወፍ ነገረችን» ይባላል። ሌባ ሻይ ደግሞ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ አእምሮው ሲሰወር በወገቡ በታሰረ ገመድ እየተያዘ በየመንደሩ የሚሄድበት፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም ሌባ ተብሎ የሚከፍልበት ልማድ ነበር። ብዙ ንጹሕ ሰው የጎዳ ልማድ ስለሆነ በናፍቆት የምናስታውሰው አይደለም።

ለኮሜዲ ግን ሁለቱም ወርቅ ናቸው። ሹሙ ስርቆቱን እንዳያመለክት ቢጠነቀቅም፣ ወሬ የማትቋጥር ሚስቱ ለመንደሩ ሽማግሌዎች ትነግራቸውና ሽማግሌዎቹ ለሹሙ በማዘን አውጫጭኝ ይጠራሉ። ሹሙ «ይቅር፣ ይቅር» ሲል እነርሱ ትሕትና መስሏቸው ይባስ ይበረታሉ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ የአጨዳ ጊዜ እያለፈ፣ ወፏ ትመጣለች። ወፏ ግን የምታመጣው ገንዘቡን ማን እንደ ወሰደው ሳይሆን ማን እንዳመጣው ነው፤ አንዱ ለመሬት ካርታ የሰጠውን፣ ሌላዋ ለንግድ ፈቃድ የከፈለችውን፣ ሦስተኛው ማዳበሪያ በወረፋው ለማግኘት «ለሻይ» ብሎ ያስጨበጠውን። ሁሉም በወፍ ስም ስለሚናገር የሚፈራ የለም። የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ሆኖ ይህን ሁሉ በሥርዐት የሚመዘግበው የንብረት ክፍሉ ጸሐፊ፣ ማለትም ሌባው ራሱ መሆን አለበት፤ ከእርሱ ሌላ አገሩ ውስጥ በትክክል የሚመዘግብ ሰው የለምና። ድምሩ ሲሠራ ከሹሙ ጎታ ከጠፋው ገንዘብ ጋር ሳንቲም ሳይጎድል ይገጥማል።

የሌባ ሻዩን ልጅ በሕልም መልክ ብቻ ብታስገቡት ይሻላል። ሹሙ በእንቅልፉ ገመድ የታሰረ ልጅ በየቢሮው እየዞረ ሲወድቅ ያያል፤ ልጁ የሚወድቅበት በር በመብዛቱ ግን ገመድ ያዢው ደክሞት ይቀመጣል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ በዛሬ ዘመን ከሚሆን ይልቅ ተውኔቱ በንጉሡ ዘመን ቢደረግ ለክበቡ አይሻልም? ማንም አይቀየምም።

መልስ፦ በሞጣ ሰው አፍ ይህ ጥያቄ ፈገግ ያሰኛል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ በጎጃም ከተነሡት ወረዳዎች ሞጣና ቢቸና ግንባር ቀደሞቹ ነበሩ፤ ዳሞትም አልቀረም። ገበሬው የተቆጣው በግብሩ ብቻ ሳይሆን መሬቱ ይለካል፣ ርስቴ ይነካል በሚል ስጋትና በሹማምንቱ በደል ጭምር ነበር። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ስለዚህ «የንጉሡ ዘመን» በጎጃም ጸጥተኛ መጠለያ አይደለም። ክበቡ ዘመኑን የሚመርጥ ከሆነ ሌባው ገንዘብ ሳይሆን የግብር መዝገቡን ይስረቅ፤ ዘመን የሚለወጠው የሚሰረቀውም ነገር ሲለወጥ ነው። ልብስ ብቻ ለውጦ መቀያየምን ማምለጥ ግን አይቻልም። የፋቡላ አውሬዎችም ልብስ ለውጠው ነበር።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ ሌባውን ከሚጫወተው ወጣት)፦ አዘጋጅ ሆይ፣ ክበቡ በመጨረሻው ትዕይንት ለሁለት ተከፍሏል። ግማሾቹ ሌባው ይታሰር፣ ግማሾቹ ያምልጥ ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ካመለጠ አባታችሁ ይቆጣሉ፤ ከታሰረ ተመልካቹ አዝኖ ይሄዳል። ሁለቱንም የሚያስቀር ሦስተኛ መንገድ ጽሑፋችሁ ውስጥ አለ፤ እስካሁን ግን አላያችሁትም።

ሌባው ራሱ እጁን ሊሰጥ ይሂድ። ሁሉም ነገር በደረሰኝ ስለሆነ የራሱም መታሰር በደረሰኝ ይሁን ብሎ፣ የሞዴል 22 ጥራዞቹን በቀን ቅደም ተከተል አስሮ፣ ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ ጽፎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በጠዋት ይድረስ። በመስኮቱ ያለችው ጸሐፊ ማመልከቻውን ታያለች፤ ማኅተም የለውም ትላለች። ማኅተሙን የሚያደርጉት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የትናንቱ ማመልከቻ ጠፍቷል። በወረፋው ላይ ያለ አንድ ጉዳይ ገዳይ ጠጋ ብሎ፣ ለሻይ ትንሽ ነገር ብታደርግ ዛሬውኑ ትታሰር ነበር ብሎ በጆሮው ያንሾካሹክለት። እዚህ ላይ አንተ አትናገር፤ ኪስህን ዳብሰህ ባዶ መሆኑን ብቻ አሳይ። በዚያው ቅጽበት ሹሙ በሌላ በር ይግባ፤ ጥራዞቹን አይቶ ይወቅ፤ አጠገብህ ይቀመጥና በልመና ድምፅ እባክህ ወደ ቤትህ ሂድ ይበልህ። ሁለታችሁ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዱ ለመታሰር፣ አንዱ ላለመታሰር ወረፋ ስትጠብቁ ጸሐፊዋ መስኮቱን እየዘጋች «ነገ ይመለሱ» ትበል፤ መጋረጃውም ይዘጋ።

ለመጀመሪያው ምሽት የዓምዱ አዘጋጅ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል። የክብር ወንበር አታዘጋጁለት፤ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል።